«ለጠርሙስ ይሆናል» ሲሏችሁ አትመኑ

የጠርሙስ ቀለም ብዬ ከገዛሁበት ሱቅ ገና መመለሴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እኔ ባዶ ጠርሙስና ጣሳ መጣል አልወድም። ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አንገቱ ላይ ገመድ ሲጠመጠምበት ምን ያህል እንደሚያምር የሠራ ያውቀዋል። እህቴ አዲስ ቤት ልትገባ ስለሆነ ስድስት ጠርሙሶች አጠራቅሜ የአበባ ማስቀመጫ ልሠራላት አሰብኩ።

የእጅ ሥራ ዕቃ ሻጮችን ታውቋቸዋላችሁ። ያማረ ናሙና ፊት ለፊት ይደረድራሉ፤ የጠየቅሽው ሁሉ «ይሆናል» ነው። እኔ ግን ሻጩን ስለ ቀለሙ ሁለቴ ጠየቅኩት። «ጠርሙስ ላይ ይይዛል? ውሃስ ይችላል?» ዓይን ዓይኔን እያየ «ብታጥቢውም አይለቅ» አለኝ። ቀለሙንም፣ ቫርኒሹንም፣ ብሩሹንም ገዛሁ።

አራት ማታ ሠራሁ። ሁለት ዙር ቀባሁ፣ አደረቅኩ፣ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ትናንት አንዱን ለሙከራ ውሃ ሞላሁትና ከላይ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረግ አደረግኩ። ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ተነሣ። እንደ ቆዳ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ።

ዛሬ ጠርሙሱንም የቀለሙን ጣሳም ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ጠርሙሱን ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ጥፍር አንዴ ጫር አደረገው። እስከ ታች ተላጠ። አልደነገጠም። ወደ ባልደረባው ዞሮ «ይኸው ሌላዋ መጣች» አለው።

ሌላዋ! ከእኔ በፊትም የመጡ አሉ ማለት ነው። እያወቀ ነው የሸጠልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የእንጨትና የወረቀት ቀለም ነው። ማንበብ ነበረብሽ» አለኝ። የት ነው የተጻፈው ስለው ጣሳውን አዞረና በዚያው ጥፍሩ የዋጋውን ወረቀት ላጠው። ከሥሩ «ለእንጨት፣ ለወረቀት፣ ለሸራ» ይላል። ዋጋውን የለጠፉት ልክ እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል። ባልደረባው ይስቃል። ገንዘቤን ስጠይቅ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

የሚያንገበግበኝ የራሴ ሞኝነት ነው። እንጨትና ወረቀት ቀለምን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ጠርሙስ ለስላሳ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚስበው ነገር የለም። ተራ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው የእጅ ሥራ ቀለም) እንደማይዘው ከዚህ በፊትም ሰምቻለሁ። ግን ሰውየው ሲምልልኝ የማውቀውን ትቼ አመንኩት።

ልትገዙ ከሆነ የተለጠፈውን ልጣችሁ አንብቡ። «ለጠርሙስ» ብሎ ካልተጻፈበት ተዉት። ከመቀባታችሁ በፊት ጠርሙሱን በአልኮል ጥረጉ፤ የጣት ቅባት እንኳ ቀለም ያስለቅቃል። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 የተጻፈበት ፕላስቲክ ላይማ ተራ ቀለምም ኮላም እሺ አይልም።

አሁን ስድስቱንም እየፋቅኩ ነው። እህቴ የምትገባው ቅዳሜ ነው።