ከጣና ዳር የቀረበ የአክሲዮን ሽያጭ፦ አዲሱ እጣ ለማን፣ በስንት?

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ቢሮ ከፍቶ ተጨማሪ አክሲዮን የሚሸጥ የሎጅና የዓሣ ማቀነባበሪያ ኩባንያ አለ። ስሙን አንጠቅስም፤ የሽያጭ ሰነዱን ግን ከዳር እስከ ዳር አይተነዋል።

መስተንግዶው ጥሩ ነው። የአንድ እጣ (አክሲዮን) ዋጋ 1,000 ብር፣ ትንሹ ግዢ 10 እጣ፣ የአገልግሎት ክፍያው 5 በመቶ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ ደረሰኝም ወዲያው ይሰጣል። 5 በመቶው ካፒታል ውስጥ እንደማይገባ ግን ልብ ይበሉ።

ችግሩ ገጽ 4 ላይ ነው። ኩባንያው እስካሁን ያወጣው 20,000 እጣ ነው፤ አሁን ሌላ 20,000 ያወጣል። 12,000ው ለሕዝብ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ 8,000ው ለመሥራቾቹ «በዓይነት መዋጮ»፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ በሚያስገቡት ንብረት፣ ይሰጣል። መዋጮው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሁለት የሞተር ጀልባና አንድ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ 8,000,000 ብር»። የተሠሩበት ዓመት የለም፣ የሞተር ቁጥር የለም፣ የገመታቸው ባለሙያም አልተጠቀሰም።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰነዱ መሠረት የኩባንያው የተጣራ ሀብት 30 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለአንድ እጣ 1,500 ብር ይደርሳል። ጀልባዎቹና ማቀዝቀዣው ገበያ ላይ 3 ሚሊዮን ብቻ ቢያወጡ፣ ከሽያጩ በኋላ ሀብቱ 45 ሚሊዮን (የነበረው 30፣ ከሕዝብ የሚሰበሰበው 12፣ ንብረቱ 3)፣ እጣው 40,000፣ የአንዱ እጣ ድርሻ 1,125 ብር ይሆናል። 200 እጣ የያዘ ነባር ባለአክሲዮን ከ1 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል፣ 75,000 ብርም ያጣል። ኩባንያው ግን አልከሰረም። ሰውየው የቅድሚያ መብቱን (ነባር ባለአክሲዮን አዲስ እጣን በድርሻው ልክ ቀድሞ የሚገዛበትን መብት) ተጠቅሞ ከ12,000ው 120 እጣ ቢገዛ እንኳ ጉዳቱ የሚቀንሰው ከ75,000 ብር ወደ 60,000 ብር ብቻ ነው። ይህን 60,000 ብር የሚወስድበት ለመሥራቾቹ የሚሰጠው 8,000 እጣ ነው።

የመቶኛው መውረድ ብቻውን ጉዳት አይደለም። አዲሱ እጣ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ 500 ብር ጭማሪ (ፕሪሚየም) ታክሎበት በ1,500 ቢሸጥ፣ የዓይነት መዋጮውም በልኩ ቢገመት ነባሩ አንድ ብር አይጎድልበትም ነበር። አዲስ ገዢ በ1,000 ብር የ1,125 ብር ድርሻ ስለሚያገኝ ደስ ይለዋል፤ ሻጮቹም የሚያጎሉት ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ዙር ነባር የሚሆነው ግን እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ5 ዶላር በታች በሚሸጡት የፔኒ ስቶክ (የርካሽ አክሲዮን) ኩባንያዎች ይህ የነባሮችን ድርሻ የሚሸረሽር ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በብድር በኩል ነው። አበዳሪው ብድሩን ከገበያ ዋጋ በታች ወደ እጣ ይለውጥና ይሸጣል፤ ዋጋው ሲወድቅ ለቀሪው ብድር ከበፊቱ የበለጠ እጣ ይወጣል። በእኛ የንግድ ሕግ ኩባንያ አዲስ እጣ ከተጻፈበት ዋጋ በታች ስለማያወጣ፣ እዚህ ድርሻው የሚሸረሸርበት በር የዓይነት መዋጮው ግምት ነው።

የግዢ ፎርሙ ጀርባ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ድምፄን ለአደራጆቹ ወክያለሁ፤ የቅድሚያ መብቴንም ትቻለሁ» ይላል። ካፒታል የሚጨምረው ድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ስለሆነ፣ ይህን የፈረመ ሰው የሚቀጥለውን 8,000 እጣ ዛሬውኑ አጽድቋል ማለት ነው። ሳይፈርሙ መስመሩን ይሰርዙት፤ ሠራተኛው አይሆንም ካለ ገንዘብ አያስገቡ።

ከመክፈልዎ በፊት የገለልተኛ ገማች ሪፖርት፣ መተዳደሪያ ደንቡንና የባለአክሲዮኖችን ዝርዝር ይጠይቁ። ዝርዝሩ ላይ የተፈረመውንና የተከፈለውን ለየብቻ ይዩ፤ መሥራች ሩቡን ብቻ ከፍሎ እርስዎ ሙሉውን እንዲከፍሉ ሊደረግ ይችላል። ለሕዝብ የሚቀርብ ሽያጭ በአዋጅ 1248/2013 መሠረት በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መታየት ስላለበት ምዝገባውንም ያጣሩ። እኛ በጠየቅንበት ቀን ቢሮው ውስጥ የነበረው መተዳደሪያ ደንቡ ብቻ ነው፤ የጀልባዎቹ ግምት እስኪታይ ድረስ ይህን አክሲዮን ግዙ አንልም።