የድሮ ካርቱን ለመግዛት፦ ዲስክ፣ 8 ሚሊሜትር ወይስ 16 ሚሊሜትር?

የድሮ ጥቁርና ነጭ ካርቱን የለመደ ሰው ውሎ አድሮ «የራሴ ቢሆንስ?» ማለቱ አይቀርም። መርከበኛውን ፖፓይን እንውሰድ። የፍሌይሸር ወንድማማቾች ስቱዲዮ ፖፓይን በካርቱን ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። አንዱ ክፍል ሰባት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው።

ለማየት ብቻ ከሆነ በቃ ዲስክ ግዙ። ዋርነር በ2007 ያወጣው ባለ 4 ዲስክ ዲቪዲ ከ1933 እስከ 1938 የተሠሩትን 60 ፖፓዮች ይዟል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ፖፓይ አፉን ሳያንቀሳቅስ ለራሱ የሚያጉተመትማትም በደንብ ትሰማለች። ለእኔ ግማሹ ቀልድ እዚያ ጋ ነው።

8 እና 16 ሚሊሜትር የሚባለው በፕሮጀክተር የሚታየው ፊልም ስፋት ነው። 8 ሚሊሜትሩ ዋጋው ቀለል ይላል። ግን ድሮ ለቤት ተብለው ከተሸጡት ብዙዎቹ ድምፅ የላቸውም፣ ታሪኩም ተቆርጧል። ፖፓይን ያለ ጉምጉምታው ምን ይሉታል? የፊልሙ ማሸጊያ ሳጥን ላይ ያለው ሥዕል ካልማረካችሁ በቀር እለፉት።

ለሰብሳቢ ዋናው 16 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ጋ ግን ዓይንን መግለጥ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ ፖፓይ ለቴሌቪዥን ሲሸጥ መግቢያው ላይ የነበረው የአከፋፋዩ የፓራማውንት ምልክት ወጥቶ የገዢው ኩባንያ ስም «ኤ.ኤ.ፒ.» ገባ። ገበያ ላይ የሚገኘው በብዛት ይኸው ነው። የመጀመሪያው መግቢያ ያልተነካበት ቅጂ ግን ይፈለጋል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የመግቢያውን ፎቶ ጠይቁት።

ቀጥሎ ጣሳውን ከፍታችሁ አሽትቱ። አቼቶ አቼቶ ካለ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል። እየተኮማተረ ይሄዳል፣ መድኃኒትም የለውም። ከሌሎቹ ጥቅሎች ጋር ደግሞ አታስቀምጡት። የኮዳክ ፊልም ከሆነ ጠርዙ ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘን ወይም ሦስት ማዕዘን ምልክት ታያላችሁ። ጥሬ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይናገራል። ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ስለሚደገሙ ግን ሻጭ «የ1936 ነው» ቢላችሁ የ1956 ሊሆን ይችላል።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ዲስኩን ገዝቼ፣ ከዚያ የምወደውን አንድ ክፍል ብቻ በ16 ሚሊሜትር እፈልጋለሁ። ከአሜሪካ ፕሮጀክተር የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ደግሞ የብዙዎቹ ኃይል 110 ወይም 120 ቮልት ነው። ያለ ትራንስፎርመር እኛ አገር 220 ላይ ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት።