ሐዋሳ ላይ «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ» ብለው የሚሰጧችሁን ወረቀት እስከ ታች ሳታነቡ ብር አትክፈሉ

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜን ጀርመን ልናስተምር ብለን ለአንድ ኤጀንሲ 160 ሺህ ብር ከፈልን። ወንድሜ ዛሬም ሐዋሳ ነው። ከብሩ የተመለሰልን 40 ሺህ ብቻ ነው። እሱም ሽማግሌ ልከን ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን የማውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች እዚያው ቢሮ ሊመዘገቡ ብር እያሰባሰቡ እንደሆነ ስለሰማሁ ነው። የቢሮውን ስም አልጠራም። ስም በአንድ ሌሊት ይቀየራል። አሠራሩን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ወንድሜ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። አልተሳካም። አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ፎቅ ላይ ትልቅ ባነር አየ። «ጀርመን፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት በነጻ» ይላል። እማዬን ይዘን ሄድን። የተቀበለን ልጅ ትሁት ነው። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አቀረበላት፤ ቡና አስመጣላት። ጀርመን ውስጥ አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ እንደማይጠይቅ አስረዳን። ይሄ እውነት ነው። ያመነውም ለዚህ ነው። «እኛ የምንወስደው የፕሮሰሱን ብቻ ነው» አለን። እማዬ በዚያው ወር እቁብ ወጥቶላት ነበር። ሱቁን ልታሰፋበት ያሰበችውን ብር አውጥታ ሰጠች።

ከሁለት ወር በኋላ የቅበላ ደብዳቤ መጣ። የደስታችን ብዛት! እማዬ ገብርኤል ሄዳ ጧፍ አብርታ ተመለሰች። እኔ ማታ ቁጭ ብዬ ደብዳቤውን አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከቪዛ በፊት 5,400 ዩሮ የሴሚስተር ክፍያ እንዲገባ ይጠይቃል። ጠዋት ደወልኩ። «እሱ ዲፖዚት ነው፣ ይመለሳል» ተባልኩ። ደብዳቤው ግን ይመለሳል አይልም።

ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቁ የተጻፈው ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ስም ቀጥሎ አራት ፊደሎች አሉ፤ ጂ.ኤም.ቢ.ኤች (GmbH)። ጀርመን የምትኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬን ጠየቅኳት። «እኛ አገር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንደምንለው ነው» አለችኝ። የግል ድርጅት ማለት ነው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብለን ከፍለን የግል ኮሌጅ ተሰጠን።

ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ልጁ አልደነገጠም። ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን መስመር በጣቱ አሳየኝ። በመንግሥት እውቅና የተሰጠው ተቋም ይላል። «ይኸው፣ መንግሥት ይላል አይደል?» አለኝ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ሐዋሳ ስንት የግል ኮሌጅ አለ? ሁሉም የእውቅና ወረቀታቸውን በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። እውቅና አላቸው ብለን ግን የመንግሥት ናቸው አንልም። ክፍያቸውን ማንም ያውቀዋል። ጀርመንም እንደዚያው ነው። የመንግሥት የሆነ አለ፤ መንግሥት እውቅና የሰጠው የግል አለ። ሁለተኛው ሐሰተኛ ትምህርት ቤት ነው እያልኩ አይደለም። ዲግሪው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። ግን በዓመት ከአሥር ሺህ ዩሮ በላይ የሚጠይቅ ብዙ አለ። እኛ ደግሞ የሄድነው አቅም ስለሌለን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ቆይቼ ነው የገባኝ። ብዙ የግል ኮሌጆች ተማሪ ላመጣላቸው ኤጀንት ኮሚሽን ይከፍላሉ። በነጻ የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከየት አምጥቶ ኮሚሽን ይከፍላል? ስለዚህ ደላላው የመንግሥቱን በባነር ያሳያችኋል፤ የሚያስመዘግባችሁ ግን የሚከፍለው ጋ ነው። ከእናንተም ከኮሌጁም ይወስዳል።

አሁን እውነተኛውን ወጪ ልንገራችሁ። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የእማዬ ሱቅ ዛሬ ሰፍቶ ነበር።

ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በየሴሚስተሩ የምትከፍሉት መዋጮ አለ። እንደ ከተማው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 400 ዩሮ ነው። በብዙ ቦታ የአውቶቡስና የባቡር ትኬትን ይጨምራል። ለማመልከት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኒ-አሲስት በሚባል ማዕከል ይጠቀማሉ። እሱ ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ሌሎቹ በራሳቸው ድረ ገጽ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹም ለማመልከቻ ምንም አይጠይቁም። እኛ 160 ሺህ ብር የከፈልነው ይህንን ፎርም ለማስሞላት ነበር። ወንድሜ ራሱ ሊሞላው ይችል ነበር። እንግሊዝኛ ይችላል፣ ኮምፒውተር ይችላል።

ትልቁ ሸክም ሌላ ነው። ለቪዛ ብዙ ጊዜ ብሎክድ አካውንት የሚባል የተዘጋ ሒሳብ ያስፈልጋል። ይህን ስጽፍ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ብሩ ጠፍቶ አይቀርም። የተማሪው የራሱ ነው፤ እዚያ ሲደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። የሚኖረው በዚያ ነው። ግን መጀመሪያ በእጅ መኖር አለበት። «በነጻ» የሚለው ባነር ይህን አይነግራችሁም። በባንክ የዕለቱ ምንዛሪ አባዙትና ቤተሰብ ሰብስባችሁ ተነጋገሩ። አቅማችን አይደለም ካላችሁ ዛሬ ማወቁ ይሻላል።

ኤጀንሲው ይህንንም መፍትሔ አለኝ ብሎን ነበር። «ብር ያለው ሰው እናገናኛችኋለን፤ ለጊዜው ባንክ ስቴትመንት ያሳያል፤ ትንሽ ኮሚሽን ትሰጡታላችሁ» አለን። እባካችሁ ይህን እንዳትሞክሩት። የተዘጋ ሒሳብ የሚከፈተው በተማሪው ስም ነው፤ ገንዘቡም እውነት ገብቶ መቀመጥ አለበት። የውሸት ሰነድ ኤምባሲ ላይ ከተያዘ ስሙ የሚበላሸው የልጁ ነው እንጂ የደላላው አይደለም።

«አውሮፓ በነጻ» የሚለውም ቢሆን አርጅቷል። ኖርዌይ ነጻ ነበረች፤ ከ2023 መኸር ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ ይከፍላል። ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017 ጀምሮ ያስከፍላሉ። ጀርመን ራሷ ውስጥ እንኳ ሽቱትጋርትና ሃይደልበርግ ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ሙኒክ ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 መኸር ወዲህ ለአዲስ የውጭ ተማሪ ክፍያ ጀምሯል። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኖርዌይ በነጻ የሚል ባነር ካያችሁ፣ ባለቤቱ ወይ አላጣራም ወይ እያወቀ ይዋሻል።

ጣሊያንን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ የተለየ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ሁሉም ስለ ጣሊያን ነው የሚያወራው። የጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያቸው በአብዛኛው የቤተሰብን ገቢ ይመለከታል። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ ጥቂት ከፍሎ ወይም ከክፍያ ነጻ ሆኖ ሊማር ይችላል። ከዚህ ሌላ በየክልሉ የሚሰጥ የኑሮ ድጎማ አለ። ስለዚህ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ እውነተኛ ዕድል ነው። ግን ይህ ድጎማ በኤጀንሲ እጅ ያለ ዕቃ አይደለም። ተማሪው የቤተሰቡን ገቢና ንብረት የሚያሳይ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ወደ ጣሊያንኛ አስተርጉሞ፣ አረጋግጦ ይወዳደራል። ማንም «ስኮላርሺፕ እናስይዝልሃለን» ብሎ ቃል ሊገባ አይችልም። ለቪዛ የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲታሊ የሚባለው ቅድመ ምዝገባም በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይሞላል። «የዩኒቨርሲታሊ 30 ሺህ ብር» ያሏት አንዲት እናት አግኝቻለሁ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም ማመልከቻው በነጻ ነው።

«ቆጵሮስ አውሮፓ ነው» ለሚሏችሁ ደግሞ የትኛው ቆጵሮስ ብላችሁ ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነው በደቡብ ያለው መንግሥት ነው። በሰሜን ያለውን አስተዳደር ከቱርክ በቀር እውቅና የሰጠው አገር የለም። የሰሜኑ የተማሪ ፈቃድ ወደ አውሮፓ አያስገባም። ልጃችሁ እዚያ ቢቸገር የሚጮኽበት የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለም።

የ12ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ወላጆች። ጭንቀታችሁ ይገባኛል። የ2015 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኤጀንሲዎቹ የሚያነጣጥሩት በትክክል በዚያ ሰሞን ነው። «ውጤት አይጠይቁም» የሚላችሁ ሰው የሚያወራው ስለ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ በብዛት የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው። በጀርመንኛ ለሚሰጥ ትምህርት ቋንቋውን ሳይማር «መስከረም ይገባል» ካሏችሁ ውሸት ነው። አዲስ አበባ ጎቴ ተቋም ጀርመንኛ ያስተምራል፤ ለልጁ ብር የምታወጡ ከሆነ እዚያ ማውጣት ይሻላል።

ወደ እኛ ታሪክ ልመለስና፣ ብሩን ለማስመለስ ለምን እንዳቃተን ልንገራችሁ። የከፈልነው በአንድ ግለሰብ አካውንት ነው። የተሰጠን ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ፣ የግብር መለያ ቁጥር የሌለው ወረቀት ነው። ውሉ «የማማከር አገልግሎት» ይላል እንጂ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚል ቃል የለበትም። ባነሩ ላይ ያለው ውሉ ላይ የለም። ለመክሰስ ብንሄድ «ምን ማስረጃ አላችሁ?» ነው የተባልነው። ማመልከቻውን ደግሞ የከፈቱት በራሳቸው ኢሜይል ነበር። ወንድሜ የት የት እንደተመለከተለት፣ ማን እንደመለሰለት አያውቅም። ከሁሉ የባሰው፣ ኦሪጅናል ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ወስደው ነበር። ብር ስንጠይቅ እሱን ያዙብን። ዲግሪውን ለማስለቀቅ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። እማዬ ያን ጊዜ ታማ ነበር፤ ስለ ብሩ መጠየቅ ትታ «የልጄን ወረቀት ብቻ አምጪልኝ» ትለኝ ነበር።

ኦሪጅናል ሰነድ ለማንም አትስጡ። ኮፒ ይበቃል። ኢሜይሉም የይለፍ ቃሉም የልጃችሁ ይሁን። ቢሮ ውስጥ በአፍ የነገሯችሁን ውሉ ላይ እንዲጽፉት ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የመንግሥት መሆኑ፣ ካልሆነ ብሩ እንደሚመለስ። እኔ በኋላ ለሙከራ ሌላ ኤጀንሲ ሄጄ ይህን ስጠይቅ «እንደዚህ አንሠራም» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት መሆን አለመሆኑን ማጣራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለጀርመን ሆኽሹልኮምፓስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ የሚያስተዳድረው ነው። ስሙን ስታስገቡ የመንግሥት ወይስ የግል መሆኑን ይነግራችኋል። ዳአድ የሚባለው የልውውጥ ድርጅትም በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ትምህርቶችን ከነክፍያቸው ይዘረዝራል። ወንድሜ አሁን በዚህ መንገድ አራት ዩኒቨርሲቲ መርጦ ራሱ አመልክቷል። ከባዱ ነገር ክፍያውን በካርድ መክፈል ነበር፤ ያችው ጀርመን ያለችው ጓደኛዬ ከፈለችልን። መልስ ገና አልመጣም። የተዘጋውን ሒሳብ ከየት እንደምናመጣም ገና አላወቅንም፤ ቢያንስ ስንት እንደሆነ ግን እናውቃለን።

ትናንት በዚያ ፎቅ ስር አለፍኩ። ባነሩ ተቀይሯል። «ጣሊያን፣ ከሙሉ ስኮላርሺፕ ጋር፣ ምዝገባ ዓርብ ያበቃል» ይላል። ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓርብ የሚያበቃ የጣሊያን ምዝገባ የለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ቀን አለው፤ ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል። ለዓርብ ብር እየቆጠራችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቀኑን መጀመሪያ እዚያ ላይ እዩት።