ጌሙ ጥሩ ነበር ወይ? ስለ «አሜሪካስ አርሚ»

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። የድሮ ጌም ቪዲዮ ከፍቷል። «ጋሼ፣ እማዬ ይሄን ስትጫወት ነው ያደግከው አለችኝ። እውነት ጥሩ ነበር?» አለኝ። 16 ዓመቱ ነው። ስክሪኑን ሳላይ በድምፁ ብቻ አወቅኩት። «አሜሪካስ አርሚ» ነው። በጣም ጥሩ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩና ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይሄ ልጅ እኮ ትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት የአሜሪካ ጦር መልማዮች ጠረጴዛ ዘርግተው የሚያናግሩት ልጅ ነው። ቁመቱ ተመዟል፣ ስፖርት ይወዳል፣ ወታደር ስለመሆንም አልፎ አልፎ ማንሳት ጀምሯል። ስለዚህ ይሄን ግምገማ የምጽፈው ለሱ ነው። እግረ መንገዱን እንደሱ ላለ ልጅ፣ እንደ እህቴ ላለች እናትም ቢጠቅም ደስ ይለኛል።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። «አሜሪካስ አርሚ» የአሜሪካ ምድር ጦር ራሱ ያሠራው የኮምፒውተር ጌም ነው። ራሱ ስል ማስታወቂያ አስነገረበት ማለቴ አይደለም፤ አስቦ፣ ከፍሎ፣ አሠርቶ አወጣው። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1999 የሚፈልገውን ያህል ምልምል ማግኘት አቅቶት ነበር። በዌስት ፖይንት፣ ማለትም በጦሩ የመኮንኖች አካዳሚ፣ ይሠራ የነበረው ኮሎኔል ኬሲ ዋርዲንስኪ ጌም እንሥራ የሚለውን ሐሳብ አመጣ። ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ባለው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያሉ ባለሙያዎች ሠሩት። የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2002፣ ልክ በአሜሪካ የነጻነት ቀን ነው። በነጻ። የዕድሜ ደረጃው «ቲን» ነበር፣ ማለትም 13 ዓመት የሞላው ልጅ መጫወት ይችላል። ውትድርና ለመግባት ግን ትንሹ ዕድሜ 17 ነው፣ ያውም በወላጅ ፈቃድ። በ13 እና በ17 መሀል ያለውን አራት ዓመት ልብ በሉልኝ፤ የጌሙ ዋና ሥራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እኔ የጀመርኩት በ14 ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ እንደ ጌም ልናገር፣ ሳያደንቁት መውቀስ ፍትሕ አይደለምና። በዚያን ጊዜ በነጻ የሚገኝ እንዲህ ያለ ጌም አልነበረም። እንደ ሌሎቹ እየሮጥክ መተኮስ አይሆንልህም። ከሮጥክ ኢላማህ ይዋልላል። መሬት ላይ ተኝተህ፣ ትንፋሽህን ሰብስበህ ነው የምትተኩሰው። አንዳንዴ በጭንቅ ሰዓት መሣሪያው አልተኩስ ይልና እሱን እያስተካከልክ ትመታለህ። ደግሞ ዝም ብለህ ገብተህ አትዋጋም፣ መሠልጠን አለብህ። ተኩስ ሜዳው ላይ 40 ኢላማ ብቅ ጥልቅ ይልብሃል፣ አነጣጥሮ ተኳሽ ለመሆን 36ቱን መምታት ግድ ነው። እኔ 35 ላይ ስንት ቀን ተጣብቄ እንደቀረሁ! 36 የገባልኝ ማታ ከወንበሬ ተነስቼ ብቻዬን ጨፍሬያለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን የሕክምና ሥልጠናው ነበር። እውነቴን ነው። ክፍል ውስጥ ያስቀምጡሃል። አስተማሪው ከፊት ቆሞ ስለ መተንፈሻ ቧንቧ፣ ስለ ደም ማቆም፣ በጉዳት ስለሚመጣ የሰውነት ድንጋጤ (ሾክ) ያስተምራል። ከወንበርህ ተነስተህ መሄድ የለም። ካበቃ በኋላ ፈተና አለ፤ ከወደቅክ እንደገና ትቀመጣለህ። በዚያ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደዚያ በጥሞና ያዳመጥኩት አስተማሪ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አንድ ተጫዋች መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና አይቶ ቆመ፣ ሰዎቹን አውጥቶ ደማቸውን አቆመላቸው። ያወቅኩት ከጌሙ ነው ብሏል። አምነዋለሁ፣ እኔም የማስታውሰው አለና።

ሥነ ሥርዓቱም ጥብቅ ነው። በወገንህ ላይ ከተኮስክ ነጥብህ ይወርዳል። አሰልጣኙ ላይ ከተኮስክ ደግሞ ራስህን ፎርት ሌቨንወርዝ እስር ቤት ውስጥ ታገኘዋለህ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከሩቅ የሚሰማ ሐርሞኒካ። ጓደኞቼ ይሄን ለማየት ብለው ሆን ብለው ይተኩሱ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ አፍሬ ተውኩት።

እንደ ጌም ብቻ ኮከብ ስጥ ብትሉኝ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል እሰጣለሁ። ቅር ያለኝ እዚህ አይደለም።

ያኔ ያላስተዋልኩትን ነገር ካደግኩ በኋላ ነው የተረዳሁት። በጌሙ ውስጥ ሁለት ቡድን ይጋጠማል፣ ግን ሁለቱም ቡድን ራሱን የሚያየው አሜሪካዊ ወታደር ሆኖ ነው። አንተ ራስህን በጦሩ መለዮ ታያለህ፣ ያኛውን ወገን ደግሞ እንደ ጠላት። እሱም በበኩሉ ራሱን በጦሩ መለዮ ያያል፣ አንተን እንደ ጠላት። የጠላት ወገን ሆኖ የተጫወተ አንድም ሰው የለም ማለት ነው። በስንት ሺህ ዙር አንድም ቀን ከዚያኛው ወገን ሆኜ ራሴን አይቼ አላውቅም። ለ14 ዓመት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደሙም እንደዚያው። ስትመታ ቀይ ብናኝ ነገር ቦግ ትላለች፣ ትወድቃለህ፣ አለቀ። የሚጮህ የለም። እናቱን የሚጠራ የለም። ዙሩ እስኪያልቅ ትጠብቅና በሙሉ ጤና ትነሳለህ። ለልጆች ስለሆነ ነው ይባላል፣ እኔም ደም ይጨመርበት አላልኩም። ግን ስለ መሣሪያው እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ጌም፣ ስለ ትንፋሽህ እንኳ የሚጨነቅ ጌም፣ ቁስሉ ላይ ሲደርስ ለምን ዝም አለ? እኔ ከዚህ ጌም ጋር ያለኝ ነገር በሙሉ ይሄ ነው። እንድትፈልገው የሚያደርግህን ሁሉ ዘርዝሮ ይነግርሃል፤ ዋጋው ላይ ሲደርስ ግን አንደበቱ ይታሰራል።

ይሄን ዝምታ ለመስበር የሞከረ አንድ ሰው ነበር። ጆሴፍ ዴላፕ የሚባል አርቲስት ነው። ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 ጀምሮ ጌሙ ውስጥ ይገባና መሣሪያውን ጥሎ ይቆማል። ከዚያ ኢራቅ ውስጥ የሞቱ የአሜሪካ ወታደሮችን ስም ሁሉም ተጫዋች በሚያየው መጻፊያ ላይ ይጽፋል። ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበት ቀን። ይተኩሱበታል፣ ይወድቃል፣ ቀጣዩ ዙር ሲጀምር ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ እያለ እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ ከ4,400 በላይ ስም ጽፏል። እኔ በአንዱ ዙር አብሬው ገብቼ ይሆናል፣ አላስታውስም። አብሬው ብገባ ኖሮ በዚያ ዕድሜዬ ጨዋታ አበላሸብን ብዬ እናደድበት ነበር። ይሄን ሳስብ እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ጌሙን አብረን ነው የጀመርነው። 36 የመታው ከኔ ቀድሞ ነው። በ18 ዓመቱ ውትድርና ገባ። የት እንዳገለገለ አልጽፍም፣ ጉዳዩ እሱ አይደለም። ጌሙ ነው ያስገባው ብዬም አልዋሽም፤ ቤተሰቡ ኮሌጅ የመክፈል አቅም አልነበረውም፣ እሱ ደግሞ የበኩር ልጅ ነው፣ ሸክሙን ማቅለል ፈለገ። ጌሙ ያደረገው ነገር ቢኖር ፍርሃቱን ማንሳት ነው። «ምኑ ያስፈራል፣ አውቀዋለሁ እኮ» ያለኝ ትዝ ይለኛል። 18 ዓመቱ ነበር፣ እውነትም የሚያውቀው መስሎት ነበር።

ጌሙ ውስጥ አንድ ቦንብ አለ፣ ሲፈነዳ ስክሪኑ ነጭ ይሆንና ጆሮ ማዳመጫህ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል፣ ጨዋታህን ትቀጥላለህ። የጓደኛዬ ጆሮ ጭው ማለት ከጀመረ ግን ዓመታት አለፉ። ሌሊት ማራገቢያ ካልተከፈተለት አይተኛም፣ ክረምት ከበጋ። ጸጥታ ውስጥ ጩኸቱ ይብስበታል። ስልክ የሚያወራው በግራ ጆሮው ብቻ ነው። ሕፃን ልጁ ከሌላ ክፍል ስትጠራው ስለማይሰማት ሚስቱ ትከሻውን መንካት ለምዳለች። ይሄ ደግሞ የሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ካሳ ከሚከፍልባቸው ጉዳቶች ሁሉ በብዛት አንደኛው ይሄ የጆሮ ጭውታ ነው። እሱ ግን አገልግሎቱን አይጠላም። ያገኛቸውን ጓደኞች ይወዳል፣ ትምህርቱንም በዚያው ተምሯል። የሚቆጨው አንድ ነገር ነው፦ ማንም አስቀድሞ አለመንገሩ።

ፊርማውም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ልጅ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው የምፈርመው ብሎ ያስባል። የመጀመሪያ ውል ግን በጠቅላላው የ8 ዓመት ግዴታ ነው፤ በሥራ ላይ ካገለገልክ በኋላ የቀረው በተጠባባቂነት ይቆጠራል፣ ከተፈለግክ ትጠራለህ። ውሉ ላይ ደመወዝህም፣ ጥቅማ ጥቅምህም፣ ግዴታህም ሕግ ሲቀየር አብሮ ሊቀየር እንደሚችል ተጽፏል። አንተ ግን በአንድ ወገን ውሌን ልቀይር ማለት አትችልም። በስልክ ስንፈርም የምናልፋትን ረጅም ጽሑፍ ታውቋታላችሁ? ይቺ እንደሷ መታለፍ የለባትም። ሌላው ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር፣ ተማሪ እያለ የፈረመ ልጅ ወደ ማሠልጠኛ እስኪላክ ድረስ ሐሳቡን ቢቀይር መውጣት ይችላል። አይታሰርም፣ አይከሰስም።

ወላጆች፣ ይቺን ደግሞ ለእናንተ። ጌሙ በወጣበት በ2002፣ ጥር ወር ላይ አንድ የትምህርት ሕግ ተፈርሟል። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መልማዮች ሲጠይቁት የተማሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ስልክ እንዲሰጥ ያዛል። ይሄ ግዴታ ዛሬም አለ። ካልፈለጋችሁ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ትችላላችሁ። እህቴ ይሄን የሰማችው ከኔ ነው፣ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ።

አሜሪካ በዚያው በ2002 ታኅሣሥ ላይ ልጆች በጦርነት እንዳይሳተፉ የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል አጽድቃለች። ፕሮቶኮሉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በፈቃዱ ሲገባ ፈቃዱ እውነተኛ እንዲሆን፣ ወላጅ አውቆ እንዲስማማ፣ ልጁም የሚጠብቀው ግዴታ ምን እንደሆነ በሙሉ እንዲነገረው ይጠይቃል። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት በ2008 ባወጣው ሪፖርት ይሄንኑ ጌም በስሙ ጠቅሶ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የምልመላ ዒላማ ያደርጋል ብሎ ወቅሷል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን «በሙሉ እንዲነገረው» የሚለውን ቃል ይዤ ጌሙን ስመዝነው ሚዛኑ አይነሳም። 36 ኢላማ እንዴት እንደሚመታ በሙሉ ነግሮኛል። ስለ ጆሮ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ 8 ዓመቱ አንድ ቃል አልነገረኝም።

ጦሩ ሰርቨሮቹን እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2022 ዘጋ። ከተከፈተ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው። ዘዴው ግን አልተዘጋም። ጦሩ በ2018 የራሱን የኢስፖርት፣ ማለትም የጌም ውድድር፣ ቡድን አቋቋመ። በ2020 ትዊች በሚባለው፣ ሰው ጌም ሲጫወት በቀጥታ በሚታይበት ድረ ገጽ ላይ በነበረው ቻናል የጌም መጫወቻ ሽልማት እያለ ያወጣው ሊንክ ሲነካ የሚያደርሰው የምልመላ ቅጽ ላይ ነበር፤ ትዊች ራሱ አስቁሞታል። የእህቴ ልጅ የሚውለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ኮከብ፣ ለ16 ዓመት ልጅ ስለ ውትድርና መረጃ የሚሰጥ ነገር ሆኖ ሳየው ከ5 አንድ። ያቺም ለሕክምናው ክፍል ናት።

ያን ዕለት ግን ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም። ቪዲዮውን አብረን ማየት ቀጠልን። ቦንቡ ፈነዳ፣ ስክሪኑ ነጣ፣ ጭው አለ። «እስኪጠፋ ድረስ ቁጠር» አልኩት። ቆጠረ። ስድስት ላይ ቆመ። ከዚያ ለጓደኛዬ ደወልኩና ስልኩን ለልጁ አቀበልኩት። «የፈለግከውን ጠይቀው፣ እሱ ገብቶ ያውቀዋል» አልኩት። ትንሽ አፈረ። «ጋሼ፣ እንደምን አሉ?» አለና ዝም ብሎ አዳመጠ። ወዲያው ወደኔ ዞሮ ስልኩን በእጁ ሸፈነና በሹክሹክታ «የምን ድምፅ ነው ከኋላው የሚሰማው? ማራገቢያ ነው?» አለኝ።