ዴል ፐርክ ኤች730ፒ፦ ከብዙ ወራት አገልግሎት በኋላ

ቢሯችን ቪዲዮ ያቀናብራል። ሰርቨራችን ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ዴል ፓወርኤጅ አር730 ነው፤ ዲስኮቹን የሚያዘው ደግሞ ፐርክ ኤች730ፒ የሚባለው የሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስክ አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሠራ ካርድ) ነው። 2 ጊጋ ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ ሜሞሪ) እና ባትሪ አለው። ዕድሜው ገፋ ቢልም ካርዱ አያሳፍርም። ግን ደስ የሚያሰኛችሁም የሚያናድዳችሁም መጀመሪያ ቀን ቨርችዋል ዲስኮቹን (ካርዱ ለሰርቨሩ እንደ አንድ ዲስክ የሚያሳያቸውን ክፍሎች) የከፈላችሁበት መንገድ ነው።

ሰርቨሩ 8 የዲስክ ቦታ አለው። ሁለቱ ላይ ባለ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ገብቶ ሬይድ 1 ሆነ፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ማለት ነው። ስድስቱ ላይ ባለ 4 ቴራ ዲስክ በሬይድ 6፤ ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ ዳታው ይተርፋል። የሁለት ዲስክ ቦታ ለፓሪቲ (የሞተ ዲስክ ዳታ መልሶ ለማስላት የሚረዳ መረጃ) ስለሚሄድ 16 ቴራ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር 14.5 ገደማ ነው የሚያሳየው። ለአለቃ ትንሹን ቁጥር ንገሩ።

አለቃዬ ሬይድ 5 ቢሆን 20 ቴራ እንደሚገኝ ሰምተው ኖሮ፣ "አንተ፣ አራት ቴራ ሙሉ ለምን ይባክናል?" አሉኝ። አንድ ዲስክ ሲሞት፣ ዳታውን አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ ለመገንባት የቀሩት አምስቱ ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ አንድ እንኳ ቢሞት በሬይድ 5 ሁሉም ነገር አለቀ። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ።

ሬይድ 6 ዲስክ ላይ ትንሽ በትንሹ መጻፍ አይወድም። ለአንዲት ትንሽ ለውጥ ዲስኮቹ ላይ ስድስት ያህል ንባብና ጽሑፍ ይሠራል። ስለዚህ የሂሳብ ዳታቤዙ ኤስኤስዲው ላይ ሄደ። እዚያ ሁለት ቨርችዋል ዲስክ አለ፤ 100 ጊጋ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የቀረው ለዳታቤዝ። በኋላ ሲስተሙን እንደ አዲስ ስንጭን የመጀመሪያውን ብቻ አጽድተን ዳታቤዙን ሳንነካ ጨረስን።

የስድስቱን ዲስክ ቡድን ግን አንድ ቨርችዋል ዲስክ ብቻ አድርገን ተውነው። ካርዱ በአንድ የዲስክ ቡድን ላይ እስከ 16 ስለሚፈቅድ "ለፕሮጀክት፣ ለአርካይቭ፣ ለባካፕ" ብሎ መሸንሸን ያምራል። አትሸወዱ። አንድ ቤት በኮምፔንሳቶ ቢከፈል በሩ ያው አንድ ነው፤ ሁሉም የሚሻሙት እነዚያኑ ስድስት ዲስኮች ነው። ባካፑም ከዋናው ጋር አብሮ ይሞታል። ከሁሉም በላይ፣ ቡድኑ ላይ ሁለተኛ ቨርችዋል ዲስክ ከተፈጠረ ዲስክ ጨምሮ ማስፋትም ሆነ የሬይዱን ዓይነት መቀየር አይቻልም። ስትሪፕ ሳይዙንም (ካርዱ ዳታውን ቆራርጦ ዲስኮቹ ላይ ሲያከፋፍል የአንዱን ቁራጭ መጠን) ቀድማችሁ አስቡበት። ካርዱ 64 ኪሎባይት ነው የሚያቀርበው፤ እኛ ለትልልቅ ቪዲዮ 256 መረጥን።

አሁን ወደ መብራት። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዩፒኤሱ ይይዛል። አንድ ቀን ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ ዩፒኤሱም ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ኤዲተራችን ፋይል እየገለበጠች ነበር። ካርዱ ራይት ባክ ላይ ሲሆን ዳታው ገና ካሽ ላይ እያለ "ጽፌያለሁ" ብሎ ይመልሳል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ስጋቱም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ባትሪው ካሹ ላይ ያለውን ወደ ፍላሽ ያሻግራል፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ካርዱ ያንን ዲስኮቹ ላይ ይጽፋል። ሬይዱ ጤነኛ ሆኖ ተነሳ። እየተገለበጠ የነበረው ፋይል ግን ግማሹ ነው የተገኘው። ካርዱ የሚያድነው እጁ የገባውን ነው፤ ሰርቨሩ ራም ላይ የቀረውን አያውቀውም።

የዲስኮቹን የራሳቸውን ካሽም አጥፉ። ሳታ ዲስክ ከሆነ ካልነካችሁት ክፍት ነው፤ የካርዱ ባትሪ ደግሞ እሱን አይጠብቅም። ባትሪው ሲደክም ካርዱ ራሱ ወደ ራይት ትሩ (ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ ጽፌያለሁ ወደማይልበት ስልት) ይወርድና ሰርቨሩ ይንቀረፈፋል። ያኔ ባትሪው ባይሠራም ራይት ባክ ላይ የሚያስገድደው "ፎርስ ራይት ባክ" የሚለው ምርጫ ያጓጓል። እንደኛ መብራት በሚሄድበት ሰፈር አይነካም! ኤስኤስዲዎቹን ግን ሆን ብለን ራይት ትሩ አድርገን ሪድ አሄዱን (ሳይጠየቅ ቀድሞ ማንበቡን) አጠፋን፤ ካርዱ ለኤስኤስዲ ያለው ፋስትፓዝ የተባለው ማፍጠኛ የሚሠራው እንደዚያ ሲሆን ነው።

በመሃል አንድ ዲስክ ብርቱካንማ መብራት ማብለጭለጭ ጀመረ። አይድራኩ (ሰርቨሩን ከሩቅ ለመቆጣጠር አብሮ የሚመጣው የዴል መሣሪያ) ኢሜይል ልኮ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥነውን መለዋወጫ ማታ ሰርቨሩን ሳናጠፋ ሰካነው፤ ሪቢልዱ (ዳታውን አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ መገንባቱ) በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ኤዲተሮቹ "ዛሬ ትንሽ ከብዷል" ከማለት በቀር ምንም አላወቁም። የሪቢልድ ፍጥነቱ 30 በመቶ ላይ ነው የሚመጣው፤ አልነካነውም።

የማይመቸው? ቨርችዋል ዲስክ አንዴ ከተፈጠረ አይጠብም። ዲስክ ጨምሮ ማስፋት ሲጀመር እስኪያልቅ ራይት ትሩ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ለቅዳሜና እሁድ አቆዩት። ዜድኤፍኤስ (ሬይዱን በሶፍትዌር ራሱ የሚሠራ የፋይል ሲስተም) ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ደግሞ ይህ ካርድ አያስፈልጋችሁም፤ ዲስኮቹን ያለ ሬይድ በቀጥታ የሚያገናኘው ኤችቢኤ330 ካርድ ይበቃል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ሰርቨሩን አስነስቶ አይድራክ ላይ የባትሪውን ሁኔታ ያሳያችሁ። "ሬዲ" ካላለ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ይቀነስ።