ሁለተኛውን ገጽ አስቀርተው «ፖዘቲቭ ነው» አሉን

ደብረ ብርሃን ውስጥ «የዘረመል ምርመራ ወደ ውጭ አገር እንልካለን» የሚል ባነር ሰቅለው የሚሠሩትን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ፣ ግድግዳው ላይ የዲኤንኤ ሥዕል። ደም ይቀዳሉ፣ ይልካሉ፣ ውጤት ሲመጣ ይደውላሉ። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ስማቸውን አልጠራም። ግን ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

ጉዳዩ የወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ የሚኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ልጁ ከእኩዮቹ በጣም ይረዝማል፣ ቀጭን ነው፣ ጣቶቹም ረጃጅም ናቸው። ማየት ሲቸግረው አዲስ አበባ ወሰድነው። የዓይን ሐኪሟ የዓይኑ ሌንስ ከቦታው መንሸራተቱን አየች። «ማርፋን ሲንድረም ሊሆን ይችላል» አለች። ከ5,000 ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ፣ በዘር የሚመጣ ችግር ነው። የሰውነትን ክፍሎች አያይዞ የሚይዘውን ሕብረ ሕዋስ ያላላል። የሚያስፈራው ቁመቱ አይደለም። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ስር፣ አኦርታ የሚሉት፣ እየሰፋ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ የልብ ኢኮ፣ ማለት የልብ አልትራሳውንድ፣ ታዘዘ፣ ከተቻለም የጂን ምርመራ።

ኢኮው ወረፋ ነበረው። የጂኑን ግን ባነሩ ያለበት ቢሮ ወዲያው እንቀበላለን አለ። ወንድሜ በሬ ሸጠ። ቀብዱ ተከፈለ፣ ደሙ ተቀዳ፣ ሄደ። ከዚያ ተደወለልን።

ጋውን የለበሰው ልጅ አንድ ወረቀት ዘረጋልን። በአማርኛ የተጻፈ፣ ማህተም ያረፈበት አንድ ገጽ። «ፖዘቲቭ ነው» አለ፣ የታይፎይድ ውጤት እንደሚያነብ ሰው። «ኤፍ ቢ ኤን 1 ጂን ላይ በሽታ አምጪ ለውጥ ተገኝቷል። የተረጋገጠ ማርፋን ነው።» የልጁ እናት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። በእድሜ እናቱ ናት፣ እርስዎ ማለት ከበደው። «አንቺና ባልሽ ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?» አላት።

እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። መንዝ ውስጥ ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ይህ ልጅ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እሱም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ጥያቄው ደግሞ ከስድብነቱም በላይ ስህተት ነው። ማርፋን ለመያዝ ከአንድ ወላጅ የመጣ አንድ የተበላሸ የጂን ቅጂ ይበቃል። ከአራት ታማሚ አንዱ ገደማ ደግሞ ከማንም አልወረሰውም፤ ለውጡ በእሱ የጀመረ ነው። ዘመድ ከማግባት ጋር ምን አገናኘው? ይህን የማያውቅ ሰው በምን ሙያው ነው ገንዘብ የሚቀበለው?

«ከውጭ የመጣውን ዋናውን ሪፖርት ስጠን» አልኩት። «እንግሊዝኛ ነው፣ ምን ያደርግላችኋል? የሚያስፈልጋችሁን አውጥተንላችኋል» አለኝ። አጠገቡ ያለችው ሂሳብ ተቀባይ ፈገግ አለች። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ራሱ አዞረና ቀጠለ፤ «አሁን ዋናው ነገር ቤተሰቡ መመርመሩ ነው። አባት፣ እናት፣ እህት። የቤተሰብ ፓኬጅ አለን፣ ቅናሽ አለው።» የደነገጠ ሰው ዋጋ አይከራከርም። እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሦስቱም ተከፈለ።

ውጤቱ ሲመጣ ያው አንድ ገጽ፣ ያው ማህተም። አባት ፖዘቲቭ፣ እህት ፖዘቲቭ፣ እናት ኔጋቲቭ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ መሐል ሜዳ ገባ። «ዘራቸው በሽታ አለበት» ተባለ። ለልጅቷ ሽማግሌ ልከው የነበሩት ሰዎች ዝም አሉ። ወንድሜ እርሻውን ለሰው ሰጥቶ ልቡን እያዳመጠ ተቀመጠ።

የኢኮው ተራ ሲደርስ ወረቀቱን ለልብ ሐኪሙ ሰጠነው። አንብቦ «ይሄ ማጠቃለያ ነው፤ ሪፖርቱስ?» አለ። እዚያው ሆኖ ደወለላቸው። እኛ ስንጠይቅ «ምን ያደርግላችኋል» የተባለው ሪፖርት ለሐኪም ሲሆን በደቂቃ ውስጥ በቴሌግራም መጣ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ጉዱ። የለውጡ ምድብ «ትርጉሙ ያልታወቀ» ይላል። የተረጋገጠ የሚል ነገር የትም የለም። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት፣ በፈረንጆቹ 2015 አሜሪካ ውስጥ የወጣ መመሪያ አለ። የጂን ለውጥን አምስት ቦታ ይመድባል፤ በሽታ አምጪ፣ ምናልባት በሽታ አምጪ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ፣ ምናልባት ጉዳት የሌለው፣ ጉዳት የሌለው። «ምናልባት በሽታ አምጪ» ለመባል እንኳ ከ90 በመቶ በላይ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። የእኛው መሐል ላይ ነው ያለው፣ ወዲህም ወዲያም ያላለ። እንዲህ ባለ ውጤት ብቻ ሰው በሽተኛ ነው አይባልም።

ላብራቶሪው ምክንያቱንም ጽፎ ነበር። ለውጡ ኖማድ በሚባለው ትልቅ የዘረመል መረጃ ቋት ውስጥ አልታየም፤ የጂን ለውጦች ከነትርጉማቸው የሚመዘገቡበት ክሊንቫር ላይም ማንም አልመዘገበውም። በሽታ አምጪ ለውጥ ብዙ ሰው ላይ ስለማይገኝ አለመታየቱ ያስጠረጥራል፣ ግን አይበቃም። እዚያ ካለው መረጃ የሚበዛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደ ለውጥ እዚያ ብርቅ ሊመስል ይችላል። እውነት ነው፣ የመንዝን ሰው ጂን ማን አንብቦ ያውቃል? ደግሞም ይህ ጂን የሚሠራው ፋይብሪሊን የሚባል ፕሮቲን ቅርጹን የሚይዘው ሲስቲን በተባሉ ክፍሎቹ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሽታ የሚያመጣው እነሱን የሚነካ ለውጥ ነው። የልጁ አልነካቸውም።

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ሐኪሙ ራሱ ዝም አለ። ላብራቶሪው ለውጡን በደንብ ለመመደብ የአባትና የእናት ናሙና እንዲላክለት ይጠይቃል። ያቺን አንዷን ለውጥ ብቻ ያያል። ክፍያ የለውም ይላል። በነጻ! «ፓኬጅ»፣ «ቅናሽ» ያሉን ይህንን ነው። ደውዬ ስጠይቅ ያው ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ነጻው ለላኪው ድርጅት ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም።»

ወንድሜ ኢኮ ተነሳ፣ ዓይኑም ታየ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ አኦርታውም ሌንሱም ደህና። ማርፋን የሚያመጣ ለውጥ ይዞ እዚህ እድሜ ላይ ያለ ምንም ምልክት መድረስ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ የእሱ «ፖዘቲቭ» መሆን ለውጡን ይበልጥ ወደ ጉዳት የሌለው ነው የሚገፋው። ለቢሮው ግን ሌላ የሚያስፈራራበት ወረቀት ሆነለት።

የልጁም አኦርታ ለጊዜው ልክ ነው፣ በየጊዜው ይታያል። ታዲያ ሌንሱ ለምን ተንሸራተተ? ሐኪሙ የጠየቀው ይህን ነው። ሆሞሲስቲኑሪያ የሚባል፣ ማርፋንን የሚመስል ሌላ በሽታ አለ። እሱም ያስረዝማል፣ ሌንስ ያንሸራትታል። ደም ውስጥ ያለውን ሆሞሲስቲን የሚባል ንጥረ ነገር በመለካት ይለያል፤ ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹም በቫይታሚን ቢ6 ይሻላቸዋል። «የተረጋገጠ» የሚል ማህተም ስላለ ግን እስከዚያ ድረስ ማንም ሌላ ነገር አልፈለገም። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

እንግዲህ ለጂን ምርመራ ደም የምትሰጡ ሰዎች፣ ሁሉንም ገጽ በእጃችሁ ሳትቀበሉ ቀሪውን ክፍያ አትክፈሉ። ምድቡ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ አስነብቡ፣ የሚያነብላችሁም ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው አይሁን። ደረሰኝም ተቀበሉ፣ ለእኛ የሰጡን በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው።

የሆሞሲስቲን ምርመራው ደም ተሰጥቷል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። የገንዘባችንን ነገር ስጠይቅ ደግሞ «ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥቷል» ይሉኛል። የምን መስክ እንደሆነ እንጃ።