ሥራ ላይ ጎበዝ፣ ተኛ ሲሉት እምቢ የሚል ሀብ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ቻርጀሩ ሳይነቀል ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ይህ የዩኤስቢ ሀብ (የላፕቶፑን አንድ ቀዳዳ ወደ ብዙ መሰኪያ የሚያበዛ ዕቃ) ምርጥ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ክዳን ዘግታችሁ ባትሪ የምትቆጥቡ ከሆነ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡኝ። ባሕር ዳር ደግሞ አብዛኞቻችን ከሁለተኛው ወገን ነን።

ዕቃው ቀላል ነው። አጭር የታይፕ ሲ ገመድ፣ ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ። ግራጫ አሉሚኒየም ሆኖ ጥጉ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው። ብራንድ የለውም። ሳጥኑ ላይ ያለው ስምና ሀቡ ላይ ያለው ስም አይተዋወቁም። የገዛሁት መሀል ከተማ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ነው፤ 2,600 ብር።

“ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ ካልሠራልህ መልሰው” አለኝ ልጁ።

“የማን ኦርጅናል?” ስለው ሳቀ። እኔም ስቄ ከፈልኩ።

ነቅቶ ሲሠራ ቅሬታ የለኝም። ስክሪን፣ ማውስ፣ ፍላሽ አንድ ላይ ሰክቼ አላንገራገረም። ኔትወርኩም አይቆራረጥም። ትንሽ ይሞቃል፣ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ገመዱ አሥር ሳንቲሜትር ቢረዝም ደስ ይለኝ ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ላፕቶፑን ስሊፕ ስታደርጉት ነው። የምጠቀመው ሊኑክስ ነው። እንጀራዬም የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ መጻፍ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ሀቡን በኬብል ከካፌው ራውተር ጋር አያይዤ ስሠራ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ብዬ ክዳኑን ዘጋሁና ቡናዬን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ስመለስ የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል። አስተኝቼው የሄድኩት ማሽን ማንም ሳይነካው ነቅቷል።

ምክንያቱ ደስ የሚል ነው፣ ቢያናድድም። የዩኤስቢ ዕቃ በራሱ ለሲፒዩ (ለማሽኑ አንጎል) ኢንተረፕት፣ ማለትም “ሥራህን አቁመህ ስማኝ” የሚል ጥሪ፣ አይልክም። የሚልከው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የዩኤስቢ ተቆጣጣሪ ነው። ሀቡ የሚችለው በገመዱ በኩል “ንቃ” የሚል ምልክት መስደድ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ያን ሲሰማ ማሽኑን ይቀሰቅሳል። ይህ ሲፈጠር ለበጎ ነው፤ የዩኤስቢ ኪቦርድ ነክተን ላፕቶፕ የምናስነሳው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ግን ምልክቱን የሚሰደው የሀቡ የኔትወርክ ቺፕ ሆኖ አገኘሁት። ጄኔሬተሩ ሲነሳ የካፌው ራውተርም ይነሳል። የኬብሉ ግንኙነት ይመለሳል። ቺፑ ይህንን የምሥራች ሳይናገር ማደር ስለማይችል ላፕቶፑን ይቀሰቅሳል! ቤት ገብቼ አረጋገጥኩት። ኬብሉ ከተነቀለ ማሽኑ ድብን ብሎ ይተኛል። መልሼ ስሰካው ብድግ ይላል። ከርነሉ የቀስቃሾች ዝርዝር አለው፤ እዚያም ላይ የተቆጣጣሪው ቆጣሪ በእያንዳንዱ ሙከራ ይጨምራል።

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ሲዲ አለች። ሲዲ ማንበቢያ ያለው ማሽን ያገኘሁት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ፣ ጓደኛዬ ዘንድ ነው። ውስጧ የሊኑክስ ድራይቨር ምንጭ ኮድ አለ። ከፍቼ በቀጥታ ማሽኑ ሲተኛ የሚጠራውን የሰስፔንድ ፈንክሽን ፈለግኩ። አንድ መልእክት ያትማል፣ ዜሮ ይመልሳል፣ አለቀ። ዜሮ ማለት “ያለችግር ተኝቻለሁ” ነው። ቺፑን አላቆመም፣ ወደ እሱ የላካቸውን የዳታ ጥያቄዎች አልሰበሰበም። ከርነሉ ተኛ ሲለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አቤት ይላል። እንደዚያ ሲሆን ከርነሉ ውስጥ ያለው የዩኤስቢ ዋና ክፍል በሩጫ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በግድ ይሰርዛቸዋል። ማሽኑ ሲነቃ ድራይቨሩ መልሶ ስለማይልካቸው ኔትወርኩ በድን ሆኖ ይቀራል። ሀቡን ነቅላችሁ ካልሰካችሁት አይነሳም። ስለዚህ ሲዲዋን አትንኳት። ከርነሉ ለዚያው ቺፕ የራሱ ድራይቨር አለው፣ በሱ ሲሠራ ይህኛው ችግር የለም።

ይህን ያህል ቅደም ተከተል ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፦ ከርነሉ ማሽን ሲያስተኛ ከጫፍ ይጀምራል። መጀመሪያ የኔትወርክ ቺፑ፣ ቀጥሎ ሀቡ፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው። ቤተሰቡ ሁሉ ከገባ በኋላ የግቢውን በር ቆልፎ የሚተኛ ዘበኛ ማለት ነው፤ ጠዋትም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ተራው ሥራ ካለቀ በኋላ ከርነሉ የድራይቨሮቹን የኢንተረፕት ተቀባዮች ይዘጋል። ለመቀስቀስ ፈቃድ ያላቸውና እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያሉ ጥቂቶች ብቻ ይተርፋሉ። “ኖ አይአርኪው” (ኢንተረፕት የለም) የሚባለው ደረጃ ይህ ነው። በማሽኑ የውስጥ መስመር (ፒሲአይ) ላይ የተገጠሙ፣ እንደ ዩኤስቢ ተቆጣጣሪው ያሉ ዕቃዎች ኃይል አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው እዚህ ደርሶ ነው፣ ቀደም ብሎ አይደለም። ለምን? ሁለት ዕቃዎች አንድ የኢንተረፕት መስመር ሊጋሩ ይችላሉ። አንዱ ኃይሉ ወርዶ ሳለ ሌላው ቢጮህ የተኛው ዕቃ ድራይቨርም አብሮ ይጠራል። ያ ድራይቨር ሬጅስተር (ዕቃው ሁኔታውን የሚጽፍበት ትንሽ ማስታወሻ) ሊያነብ ሲሄድ ከጠፋው ዕቃ የሚያገኘው ሁሉም ቢት 1 የሆነ ቁጥር ነው። ያንን እውነተኛ መልስ መስሎት ከተከተለው ጉድ ፈላ። አዳዲሶቹ ዕቃዎች መስመር ስለማይጋሩ አደጋው ቀንሷል፣ ደንቡ ግን አለ።

አሁን ወደ ሰማያዊው መብራት። አይጠፋም። የዩኤስቢ ደንብ፣ መስመሩ ለ3 ሚሊሰከንድ ጭጭ ካለ ዕቃው ራሱን ማስተኛት አለበት ይላል። ተኝቶ ደግሞ ከ2.5 ሚሊአምፒር በላይ መሳብ የለበትም። ገመዱ መሀል መለኪያ አስገብቼ ሳየው ሀቡ ተኛ በተባለበት ሰዓት ከ70 ሚሊአምፒር አልወርድም አለ። ውስጡ ላሉት ቺፖች ለየብቻቸው 2.5 ብንፈቅድላቸው እንኳ 70 አይሞሉም። በ5 ቮልት ሲሰላ 0.35 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በደንብ የተኛ ላፕቶፕ ራሱ ብዙ ጊዜ ከ1 ዋት በታች ነው የሚበላው። መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ይህ ቀልድ አይደለም።

የመቀስቀሱ ነገር መድኃኒት አለው። ሲስ በሚባለው የሊኑክስ ማውጫ ስር የኔትወርክ ቺፑን ማውጫ ፈልጉ፣ ፓወር ውስጥ ዌክአፕ የምትባል ፋይል አለች። እዚያ “ዲስኤብልድ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ። በየጊዜው እንዳትደክሙ የዩዴቭ (ዕቃ ሲሰካ ትእዛዝ የሚያስፈጽም የሊኑክስ ክፍል) ደንብ አድርጉት። መላውን ተቆጣጣሪ ዝጉት የሚሏችሁን አትስሙ፤ በዩኤስቢ የተሰኩት ማውሳችሁም ኪቦርዳችሁም ማንቃት ያቆማሉ። የ0.35 ዋቱ ግን መድኃኒት የለውም። መንቀል ብቻ ነው። የምትነቅሉት ደግሞ ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ይሁን፤ መንቀሉ ራሱ የሚቀሰቅሳቸው ማሽኖች አሉ። ፍላሽ ካለበትም ቀድማችሁ በሥርዓት አስወጡት።

ሱቁን ግን አመሰግናለሁ። ላፕቶፔንና መለኪያዬን ይዤ ተመልሼ ሄድኩና ለልጁ አሳየሁት። “ኧረ ወንድሜ፣ የሚተኛ ሀብ ፈልጎ የመጣ አንተ ብቻ ነህ” አለኝ። ግን አላንጓጠጠም። ከመደርደሪያው አራት ዓይነት አውርዶ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝና አንድ በአንድ ሰካናቸው። ከመሀላቸው የኔትወርክ መሰኪያ የሌለው ጥቁር ፕላስቲክ ሀብ ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱን አጠፋ፣ መለኪያውም ወደ 2 ወረደ። ዋጋው 1,400 ብር። ግራጫውን ቤት ለጠረጴዛዬ አስቀርቼ ጥቁሩን ለቦርሳዬ ገዛሁ።

እናንተም ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሰክታችሁ ክዳኑን ዝጉና ትንሽ ጠብቁ። መብራቱን እዩ፣ ኬብል ካለ ነቅላችሁ ስኩ። ባለሱቁ ካጉረመረመ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።